በ91 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፦ ደብረ ብርሃን ላይ በቤት የተሠራ የሞተር ከቨር

የእህቴ ባል ደብረ ብርሃን ውስጥ በኮሮላ ኤግዚኪዩቲቭ ኮንትራት ይሠራል። ባለፈው ዓመት መኪናዋ ከአንድ ጋራዥ ስትመለስ የሞተሩ ከቨር አብሯት አልተመለሰም። ኮፈኖው ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ጥቁር ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ጠየቀ፣ ተመላለሰ፣ አላገኘውም። ብዙ ሰው «ያለሱም ይሄዳል» አለው። እውነት ነው፣ ይሄዳል።

ችግሩ የመጣው ላቫጆ ላይ ነው። ከመንዝ መልስ መኪናዋ አቧራ ለብሳ ገባች። ኮፈኖው ተከፍቶ ሞተሩም ታጠበ። በዚህ ሞተር ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት አራቱ ቦቢናዎች ካንዴላዎቹ ላይ በቀጥታ ተሰክተው ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ መሐል ተደርድረዋል። ከላይ የሚከልላቸው ከሌለ የተረጨ ውሃ በጎማቸው ዙሪያ ሾልኮ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ብቻ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ። አንድ ቦቢና ተቀየረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ነገር ተደገመ። ከቨር በግፊት የሚመጣ ውሃን አያቆምም። ፍንጣሪውንና አቧራውን ግን ይመልሳል። ለእኛ ያ በቂ ነበር።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ከቨር ይገኛል። ያየነው ግን ሁለት ማሰሪያው የተሰበረ ነበር፤ ዋጋውም የጤነኛ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እቃ መፍታትና መሥራት እወዳለሁ። «እስቲ ራሳችን እንሞክረው» አልኩት። ያኔ ሦስት ወር ይፈጃል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የፋብሪካው ከቨር ብዙውን ጊዜ የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን ነው። ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ብረት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይገባል። ያ በቤት አይታሰብም። በቤት የሚቻለው ቫኪዩም ፎርሚንግ ነው። ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ታሞቃለህ። ሲለሰልስ ሞልድ ላይ ትዘረጋዋለህ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አየር በትናንሽ ቀዳዳዎች ትመጥጣለህ። ፕላስቲኩን ሞልዱ ላይ የሚያጣብቀው መምጠጫው አይደለም። ከላይ ያለው የአገሩ አየር ነው የሚጫነው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በሷ ዙሪያ ነው። ቤታችሁ ያለው የፍሪጅ የውስጥ ነጭ ግድግዳም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው።

መጀመሪያ ልኬት ወሰድን። ኮፈኖው ሲዘጋ ሞተሩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚቀር በዓይን አይታይም። ከእህቴ ሊጥ ለመንን። የእጅ ጭብጥ የሚያክል ሊጥ በፌስታል ጠቅልለን ሞተሩ ላይ ስምንት ቦታ አስቀመጥን። ኮፈኖውን ዘግተን ከፈትን። የተደፈጠጠውን ሊጥ ውፍረት በማስመሪያ ለካን። በጣም የጠበበው ቦታ ወደ ፊት ለፊት ነበር። ሞተር በጎማ መቀመጫው ላይ ስለሚወዛወዝ ከተገኘው ቦታ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቀንሰን ተውን። ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ መጥተው አይተውት «እኔ ይሄን በሸክላ ጭቃ ነበር የማደርገው፣ ሊጡ ይሻላል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ የሥራው ባለቤት ሆኑ።

ሞልዱን ከጥድ ጣውላ ሠራነው። ባሕር ዛፍ በየደጁ ሞልቷል፤ ግን ሙቀት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ጣውላዎቹን በኮላ ደራርበን አጣብቀን፣ ጠርበን፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላን። መሠረቱ 43 በ31፣ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጎኖቹን 5 ዲግሪ ያህል አጋደምናቸው። ቀጥ ያለ ጎን ከሆነ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ጨምድዶ ይይዝና አይላቀቅም። ፕላስቲክ በመጨረሻ በሚደርስባቸው ጥጎችና ጎድጓዳዎች ላይ በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀዳዳ በሳን። ቀዳዳው ከዚያ ከሰፋ ምልክቱ ከቨሩ ላይ ይቀራል።

ማሞቂያው የእንጀራ ምጣድ ነው። በመጀመሪያ ፕላስቲኩን ምጣዱ ላይ አስቀምጠን አክንባሎ ደፋንበት። መሐሉ ተጣበቀ፣ ዳሩ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ነገሩን ገለበጥነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ፣ የሚግለው ሽቦ፣ ያለው በሸክላው የታች ገጽ ቦይ ውስጥ ነው። ስለዚህ የአሮጌ ምጣድ ሸክላ ከነሬዚስታንሱ ከእቃው አወጣን። በአንግል ብረት እግር ላይ ሰቀልነው። ፕላስቲኩ ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር ወርዶ በፍሬም ተይዞ ይቀመጣል። ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ይወርድበታል። ሙቀቱን ከታች ማድረግ ይቀላል፤ ግን ፕላስቲክ ሲለሰልስ ወደ ታች ይረግባል። የጋለ ሽቦ ላይ ከረገበ እሳት ነው።

የምጣዱ ክብነት ሌላ ጣጣ አመጣ። የእኛ ፕላስቲክ አራት ማዕዘን ነው፤ ጥጎቹ አይሞቁም። ዙሪያውን በላሜራ ከለልነው። መሐሉ ላይ ደግሞ የአሮጌ ወንፊት ሽቦ ሁለት ድርብ አድርገን ሰቀልን። ወንፊቱ የመሐሉን ሙቀት ያበርዳል፣ ላሜራው ወደ ጥጎቹ ይመልሳል። ይህ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ለብቻው መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል። ብረቱ ሁሉ ከመሬት ሽቦ ጋር መታሰር አለበት። ሬዚስታንሱ ራቁቱን ነውና ብሬከሩ ሳይጠፋ እጅ አይገባም። እህቴ ልጆቹ ወደዚያ ክፍል እንዳይገቡ ከለከለች፤ ልክ ነበረች።

መምጠጫው ላይ ብዙ ቀን ቆየን። የመጀመሪያው ሙከራ በቤት አቧራ መጥረጊያ ቫኪዩም ክሊነር ነበር። ከማስታወቂያ ሠሪ ቤት 3 ሚሊ ሜትር ነጭ ሃይ ኢምፓክት ፖሊስታይሪን ገዛን። በቀላሉ የሚለሰልስ፣ ለጀማሪ የሚመች ፕላስቲክ ነው። ወጣ፤ ግን ጠርዞቹ ደብዛዛ ናቸው። ጥጎቹ ላይ ፕላስቲኩ እንደ ቀሚስ ተሸብሽቧል። ሙቀት ጨመርን፣ አልተሻሻለም።

ጋሼ የፍሪጅ ኮምፕረሰር እንጠቀም አሉ። ጋዙ ቀድሞ ካለቀ አሮጌ ፍሪጅ ኮምፕረሰሩን ፈታን። ኮምፕረሰር በጥልቀት ይመጥጣል፤ ፍጥነት ግን የለውም። ፕላስቲክ ደግሞ አይጠብቅም፣ በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ አየሩን አስቀድሞ መጥጦ ማስቀመጫ ታንክ ያስፈልጋል። በደሴ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጋራዥ ሞልቷል። ሁለት የፍሬን አየር ታንክ አገኘን፤ በድምሩ 80 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ወፍራም ክብ ብረት ናቸው። ስስ ቆርቆሮ በርሜል ቢሆን ኖሮ አየሩ ሲወጣ ይጨማደድ ነበር። በታንኩና በሞልዱ መካከል አንድ ኢንች ቱቦና በሩብ ዙር የሚከፈት ቫልቭ ገባ።

የማቀዝቀዣ ሠሪዎች ጌጅ፣ የግፊት መለኪያ፣ ተውሰን ገጠምን። ሙሉ ቫኪዩም፣ አየር ጨርሶ የሌለበት ማለት ነው፣ 30 ኢንች ሜርኩሪ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ኮምፕረሰሩን አስነሣን። ሩብ ሰዓት ያህል ሠራ። ቀስቱ 19 ላይ ደረሰና ቆመ። የሚያፈስ መሰለን። ሁለት ቀን ሙሉ ፍሳሽ ፈለግን። መጋጠሚያዎቹን ፈታን፣ ክር ጠቀለልን፣ መልሰን አሰርን። ቀስቱ ያው 19 ነው። ማታ ኮምፕረሰሩን አጥፍተን ቫልቩን ዘግተን ሄድን። ጠዋት ስንመለስ ቀስቱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የሚያፈስ ታንክ እንዲህ አያድርም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጌጁ ላይ ያለው 30 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ጠለል አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1.03 ኪሎ ይጫናል። እኛ ጋ የሚጫነው 0.73 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ የዓለም ምርጥ ፓምፕ ብናመጣ እንኳ ቀስቱ ከ21 ብዙ አያልፍም። የእኛ 19 በጣም ጥሩ ነበር። ታመመ ያልነው ኮምፕረሰር ጤነኛ ነው።

ነገሩን በኩንታል ላስረዳ። የእኛ ሽት፣ ጠፍጣፋው ፕላስቲክ፣ 50 በ40 ነው፤ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር። በባሕር ጠለል ሙሉ ቫኪዩም ቢሆን 20 ኩንታል ያህል ይጫነዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ከ15 ኩንታል አይበልጥም። የቤት ቫኪዩም ክሊነር በቆላ 4 ኩንታል ያህል ይሰጣል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ 3 ኩንታል እንኳ አይሞላም። ታንኩ ሲከፈት ከሞልዱ የሚመጣውን አየር ይቀበልና ትንሽ ይዳከማል። ያም ሆኖ 11 ኩንታል ይቀራል። በቫኪዩም ክሊነሩ ጊዜ ጠርዞቹ የደበዘዙት ለዚህ ነው። እዚህ ደጋ ላይ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው በቫኪዩም ክሊነር ጊዜውን ባያጠፋ ደስ ይለኛል።

በታንኩ የመጀመሪያው ሙከራ ቆንጆ ወጣ። ዋናው ነገር ፕላስቲኩን ማንበብ ነው። ሲሞቅ መጀመሪያ ይወዛወዛል። ቀጥሎ ራሱን ይወጥርና እንደ ከበሮ ቆዳ ቀጥ ይላል። ከዚያ መሐሉ መርገብ ይጀምራል። ረገብ ሲል ጊዜው ደርሷል። ሞልዱ ላይ ማውረድ፣ ቫልቩን መክፈት፣ ሁሉም በሦስት በአራት ሰከንድ ማለቅ አለበት። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። በዚያ ብርድ የሠራናቸው ሁለት ሽቶች ሞልዱን ገና ሲነኩ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ እኩለ ቀን አዞርነው። በሩን ዘጋን። ሞልዱንም ቀድመን አሞቅነው።

አሁን ወደ ስህተታችን ልምጣ። ከቨሩ ሞተር ላይ የሚውል ነው። ሙቀት ይችላል ወይ ብለን ፈተንነው። ከፖሊስታይሪኑ ቁራጭ ቆረጥን። የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተውነው። አልታጠፈም፣ አልተጣመመም። «100 ዲግሪ ችሏል» አልን። ጥቁር ቀለም ቀባነው። ቆርጠን፣ በስተን፣ አሰርነው። ኮፈኖ ሲከፈት የፋብሪካ ይመስል ነበር። የእህቴ ባል ለሰው ሁሉ አሳየ።

በሳምንቱ ሰው ይዞ ሸዋ ሮቢት ወረደ። መመለሻው ላይ ዳገቱ ረጅም ነው። ከ1,300 ሜትር ካልሞላ ቆላ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል እስከ ጣርማበር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። መኪናዋ ሙሉ ጭነት ይዛ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የወጣችው። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ ተሳፋሪዎቹ ይናፈሱ ብሎ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተው። ኮፈኖውን ሲከፍት ከቨሩ በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በኩል ተዝለግልጎ ወርዷል። ማኒፎልዱን ሊነካ ጣት አይሞላውም ነበር። በጨርቅ ይዞ ነቅሎ ጣለው።

ደውሎ ሲነግረኝ ያዘንኩት ለከቨሩ አልነበረም። የሰው ሕይወት ነው ያስደነገጠኝ። ከዚያ ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የቱንም ያህል ብታነዱበት ከዚያ አያልፍም። ከፍታው አየሩን እንደሚያሳሳ ከጌጁ ተምሬ ነበር። ያው ከፍታ ድስቱ ላይም እንዳለ አላሰብኩም። ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። እኛ የፈተንነው በ91 ነው። ያውም ምንም ሳይሸከም።

ሌላም ነገር ነበር። ሞተር በጣም የሚሞቀው ሲሮጥ ይመስለናል። ኮፈን ሥር ያለው አየር ግን የሚብሰው ከዳገት በኋላ ቆሞ ሲጠፋ ነው። ንፋሱ ይቆማል፣ ውሃው መዞር ያቆማል። ብረቱ ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል። መልቲሜትር ከነሙቀት መለኪያ ሽቦው ከከቨሩ ቦታ ላይ አስረን ወደ ደብረ ሲና ወርደን ወጣን። በሜዳ 84 አነበበ። ዳገት ላይ 97። ቆመን ካጠፋን ከአሥር ደቂቃ በኋላ 108።

ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ። ኤቢኤስ የሚባለውን አሰብን። የሻንጣና የመኪና የውስጥ ፕላስቲክ ብዙው እሱ ነው። ተራው ኤቢኤስ 105 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ለ108 አይሆንም። ፒቪሲ 80 ላይ ያበቃለታል። ከልክ በላይ ከሞቀም ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ያለበት ጭስ ያወጣል። በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም። የቀረን ፖሊካርቦኔት ነው። ለበረንዳ ጥላ የሚሸጠው፣ ግን ባዶ ክፍል የሌለበት ድፍኑ ዓይነት። ይህ እስከ 147 ዲግሪ ድረስ አይለሰልስም። ፈተናውንም ቀየርነው። ቁራጩን በአንድ ጫፉ ይዘን፣ በሌላው ጫፉ ዳዶ አንጠልጥለን፣ ማሞቂያው ሥር በ125 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆየነው። ፖሊስታይሪኑ ወዲያው ተዘለዘለ። ፖሊካርቦኔቱ ቀጥ እንዳለ ቆየ።

ፖሊካርቦኔት ግን አስቸጋሪ ነው። ከአየር እርጥበት ይጠጣል። በዓይን አይታይም። የመጀመሪያውን ሽት እንደመጣ አሞቅነው። መርገብ ሳይጀምር ገጹ በሙሉ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሽት በላሜራው ሳጥን ውስጥ በ120 ዲግሪ ለአራት ሰዓት አደረቅነው። ብሬከሩን እያበራን እያጠፋን፣ መልቲሜትሩን እያየን። የእህቴ ባል ከጎኑ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሰዓት ይይዝ ነበር። የደረቀውን ሳናቀዘቅዝ በቀጥታ ወደ 185 ዲግሪ አወጣነው። ሞልዱን 80 ዲግሪ ድረስ አሞቅነው። የሞልዱንም ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስናቸው፤ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ክብነት 8 ሆነ። በእኛ አየር ጉልበት የሾለ ጠርዝ አይወጣም። የእህቴ ባል ላዩ ላይ ፊደል እንዲወጣበት ፈልጎ ነበር። ተውነው።

ሦስተኛው ሽት ሆነ። አማካይ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ጥጎቹ 1.2 ናቸው። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ያው ፕላስቲክ ተስቦ ጎኖቹንም መሸፈን አለበት።

አሁንም አንድ ሽት አበላሸን። ቀለም ቀብተነው በማግስቱ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። ቲነርና ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ይሰነጥቃሉ። ያለቀው ከቨር ስለዚህ ቀለም የለውም፣ ቡናማ እንደሆነ ነው። ቦቢናዎቹ ከሥሩ በጭላንጭል ይታያሉ። ማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርገን ከቡሎኖቹ በ3 ሚሊ ሜትር አሰፋናቸው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ሞተሩ ሲሞቅ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከሥር ጎማ ሮንዴላ ገባ። በማኒፎልዱ በኩል ያለውን ጠርዝ ደግሞ ጋሼ 6 ሴንቲ ሜትር አስቆረጡት። «ችሎ ቢያድርም እዚያ ድረስ ምን ወሰደው» አሉ። እኔም ተስማማሁ። ፖሊካርቦኔትም ቢሆን ይቃጠላል።

በየካቲት ታሰረ። የእህቴ ባል ያንኑ የሸዋ ሮቢት መንገድ ሰው ሳይጭን ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ጣርማበር ላይ ቆሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈኖ ከፍቶ ጠበቀ። ሁለቱንም ጊዜ ስልክ ደውሎ «ቀጥ ብሏል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ተሳፋሪ የጫነው። እስካሁን በየሳምንቱ እሑድ ጠርዞቹን በእጁ ይዳስሳል። በግንቦት አንድ ቀዳዳ ላይ የጥፍር ርዝመት ስንጥቅ አገኘ። ቡሎኑ ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ በስተን አቆምነው፤ ቡሎኑንም አላላነው። ሞልዱ ጋሼ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የደረቀ አንድ ሽት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተቀምጧል።